በሩን ማን ይጠብቅ?

በየቤቱ አባትና ልጅ በእግር ኳስ ምክንያት ሲኳረፉ ማየት ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች፣ በአማኑኤል፣ በደምበጫ፣ በሉማሜና በደጀን፣ ወጣቱ ከሥራውና ከትምህርቱ መልስ ጨዋታ ወደሚታይበት ቤት ይሰበሰባል፤ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ የተሸነፉ እንደ ሆነ ግን ፊቱን አጥቁሮ ይመለሳል፤ የቀረበለትን እራት እንኳ በወጉ አይበላም። አባት «ለአንዲት ኳስ ይህን ያህል?» ሲለው ልጅ «አባዬ፣ መሸነፋችን አይደለም ያናደደኝ፤ የተሸነፍንበት መንገድ ነው» ብሎ ይመልሳል።

ይህ የልጅ መልስ ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። ሰው የማይወደውን ነገር አይቈጣበትም፤ የደጋፊም ቊጣ ከፍቅር የሚወለድ ነውና፣ ከመገሠጽ በፊት «ያናደደህ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ልጁ የሚለው ይህን ነው፤ ቡድናችን ኳስ መያዝ ያውቃል፤ ባጭር ባጭሩ ሲቀባበልም ያምራል፤ ዳሩ ግን በሩን አይጠብቅም። ኳሷ ከእግሩ በወጣች ጊዜ ተመልሶ የሚሮጠው ጥቂት፣ ቆሞ የሚመለከተው ብዙ ነው። ቢመራም፣ ቢመራበትም፣ ሰው ቢጐድልበትም፣ ቢበልጥም አጨዋወቱን አይለውጥም። እንግዲህ ይህ ወቀሳ እውነት እንደ ሆነና እንዳልሆነ፣ እውነትስ ከሆነ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ በዚህ ወር ዓምዳችን እንመርምር።

ነገሩን ከክብራችን ዘመን እንጀምር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የ3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 ድል አድርጋ ዋንጫውን ወሰደች። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉም ሉቻኖ ቫሳሎ ነበሩ። የዚያ ቀን ድል ሲወሳ የመንግሥቱ ወርቁ፣ የግርማ ተክሌ፣ የሁለቱም ወንድማማቾች የሉቻኖና የኢታሎ ግቦች እስከ ዛሬ ይተረካሉ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዝያን 4 ለ 2፣ በፍጻሜውም ግብጽን 4 ለ 2 ስናሸንፍ፣ በሁለቱም ቀን ሁለት ሁለት ግብ ገብቶብናል፤ በፍጻሜውም ሁለት ጊዜ ተመርተን፣ በጭማሪ ሰዓት ነው ያሸነፍነው። አራት በሚገባበት ቀን ሁለት መግባቱን ማን ይቈጥራል? አራት የሚያገባ በጠፋ ዘመን ግን ያ ያልተቈጠረው ሁለት ዕዳ ሆኖ መጣ።

ከ1974 ዓ.ም. ውድድር በኋላ ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቀን ኖርን። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን በአዲስ አበባ ሱዳንን 2 ለ 0 ባሸነፈ ጊዜ አገር በደስታ ተናወጠ። ያ ደስታ ራሱ የመከላከል ትምህርት ነበረ። የመጀመሪያውን ጨዋታ በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለ ነበር፣ በዚያ ቀን አንዲት ግብ ብትገባብን ኖሮ ጉዞው በዚያው ይቀር ነበር። ያለፍነው ሁለት ስላገባን ብቻ አይደለም፤ አንድም ስላልገባብን ጭምር ነው።

በደቡብ አፍሪካው ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታችን የዋለው፣ ከ51 ዓመት በኋላ፣ በዚያው በጥር 13 ቀን ነበረ። ዋንጫውን ይዛ ከመጣችው ከዛምቢያ ጋር፣ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በ10 ሰው እየተጫወትን አዳነ ግርማ ባገባው ግብ 1 ለ 1 ተለያየን። ይህ የጽናት ቀን ነበረ። ጥር 17 ቀን ግን ከቡርኪና ፋሶ ጋር ተገናኘን። እስከ ዕረፍት 1 ለ 0 ተመርተን ነበር። ከዕረፍት በኋላ የእነርሱ በረኛ በቀይ ካርድ ወጣ፤ እነርሱ 10፣ እኛ 11 ሆንን። የሆነው ግን ከተጠበቀው ተቃራኒ ነው፤ 10 የቀሩት 3 ግብ ጨምረው 4 ለ 0 አሸነፉን። ጥር 21 ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ከናይጄሪያ ጋር 80 ደቂቃ ያህል በሩን ጠብቀን ከቆየን በኋላ፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 ተሸነፍን። ሁለተኛው በረኛችንም በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ ከሜዳ ተጫዋቾች አንዱ በር ላይ ቆመ።

ይህ የአንድ ወር መጥፎ ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተነሣ ነበር። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ በአዲስ አበባ ከዚያችው ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው ጨዋታ 1 ለ 0 መርተን ነበር፤ በፍጻሜው ግን በ90ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 1 ተሸነፍን። በካሜሩን በተደረገው ውድድር፣ ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ገና በ12ኛው ደቂቃ አንድ ተከላካያችን በቀይ ካርድ ወጥቶ 1 ለ 0 ተረታን። ከአራት ቀን በኋላ ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ በባለሜዳዋ በካሜሩን ላይ አስቀድሞ ግብ ቢያስቈጥርም፣ ጨዋታው 4 ለ 1 ተፈጸመ። የሁለቱን ውድድሮች ስድስት ጨዋታዎች ብንደምር ያገባነው 3፣ የገባብን 13 ነው። እንግዲህ የልጁ ወቀሳ ከባዶ የመጣ አይደለም።

እውነትን ለማዳላት ሳይሆን ለማስተካከል፣ የተጋጣሚዎቻችንንም ማንነት መዘንጋት አይገባም። በ2005ቱ ውድድር ለፍጻሜ የደረሱት እኛን ያሸነፉት ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ናቸው፤ ዋንጫውንም ናይጄሪያ ወሰደች። በብርቱ መሸነፍ ነውር አይደለም። ነገር ግን በብርቱ መሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ በርን ከፍቶ መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። 11 ሆኖ ከ10 ሰው 3 ግብ መቀበል በጉልበት ማነስ ብቻ አይተረጐምም። ሰው በበለጥን ጊዜ ሁሉም ለማግባት ወደ ፊት ሄደ፤ ከኋላችን የቀረው ሜዳ ሰፊ ሆነ፤ ፈጣኖቹ አጥቂዎች የፈለጉትም ይህንኑ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ስሌት እንምጣ። በዓለም አቀፍ ውድድር የሚሠራበት ሜዳ ርዝመቱ 105 ሜትር፣ ወርዱ 68 ሜትር ነው። አራት ተከላካዮች ይህን ወርድ እኩል ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 17 ሜትር ይደርሰዋል። 17 ሜትር ብቻውን ጠብቆ የሚዘልቅ ሰው ከየት ይገኛል? ስለዚህ የሠለጠነ ቡድን ወርዱን ሁሉ አይጠብቅም፤ ኳሷ ወዳለችበት ወገን አንድ ላይ ይጠጋል፤ በሁለት ተከላካዮች መካከል ያለውን ርቀት ወደ 10 ሜትር ወይም ከዚያ በታች ያወርደዋል፤ የመሐል ሜዳ ሰዎችም ወደ ኋላ ተጠግተው ከፊታቸው ሁለተኛ አጥር ይሠራሉ፤ አጥቂውም ኳሷን በተነጠቀባት ስፍራ የመጀመሪያው ተከላካይ ይሆናል። ከነዚህ አንዱ ቢጐድል ቀዳዳው የሚታየው መጨረሻ ላይ በቆመው ሰው ዘንድ ነው። ያ ሰው ዘግይቶ ይደርሳል፤ በመዘግየቱም ይጠልፋል፤ በመጥለፉም ቅጣት ምት ያመጣል፤ ወይም በቀይ ካርድ ይወጣል። ደጋፊ የሚያየው የመጨረሻውን ሰው ጥፋት ነው፤ ጥፋቱ ግን የተጀመረው ከ50 ሜትር በፊት፣ ኳስ ተነጥቆ በቆመው ሰው ዘንድ ነው።

ይህን ለገበሬ ልጅ ማስረዳት አያስቸግርም። በዐባይ በረሃ አፋፍ ባሉት ቆላማ ቀበሌዎች ማሽላ ሲያሽት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወፍና ዝንጀሮ ይጠብቃሉ። ዝንጀሮ የሚገባው ጠባቂው በተኛበት በኩል ብቻ አይደለም፤ ሁለት ጠባቂዎች «ያኛው ያየዋል» እየተባባሉ በተማመኑበት መካከል ይገባል። በዚያን ጊዜ የአንዱን ጠባቂ ጆሮ ቢቈነጥጡት ማሽላው አይመለስም። አስቀድሞ ተጠራርቶ ድንበሩን መለየት ነበር የሚያስፈልገው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ከተረዱት ቆይተዋል። ጣሊያኖች «ካቴናቺዮ» የሚሉት የአጨዋወት ስልት ስሙ የበር መቀርቀሪያ ማለት ነው። በዚህ ስልት በሄሌንዮ ሄሬራ አሠልጣኝነት የሚላኑ ኢንተር በ1956 እና በ1957 ዓ.ም. የአውሮፓን ዋንጫ በተከታታይ ወስዷል፤ ከተከላካዮቹም አንዱ ጃቺንቶ ፋኬቲ እየተነሣ ግብ በማግባት የታወቀ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ግሪክ የአውሮፓ ሻምፒዮን ስትሆን በሩብ ፍጻሜ፣ በግማሽ ፍጻሜና በፍጻሜ ሦስቱንም ጨዋታ ያሸነፈችው 1 ለ 0 ነው። ከአፍሪካም ሞሮኮ በ2015 ዓ.ም. በተደረገው የዓለም ዋንጫ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ በአምስት ጨዋታ የገባባት አንዲት ግብ ናት፤ እርሷንም ያገባው የራሷ ተጫዋች ነበር። እነዚህ ሁሉ ማጥቃትን የናቁ አይደሉም። ቤቱን ዘግቶ የወጣ ሰው ገበያ ላይ ልቡ እንደሚያርፍ፣ በራቸውን ጠብቀው በልበ ሙሉነት ያጠቁ ናቸው።

«ለእኛ ልጆች ይህ አይሆንላቸውም» የሚል ቢኖር ምስክር አለን። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በማላዊ ከተማ በሊሎንግዌ፣ በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ የሚመራው ቡድናችን ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈ። ግብጽ ከአራት ወር በፊት ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰች አገር ናት። አሠልጣኙ በጥር ወር በካሜሩን የነበረው ያው ነው፤ ግቦቹን ያስቈጠሩት ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለም በዚያው የነበሩ ናቸው። በዚያ ቀን ግን ያማረው ቅብብል ብቻ አልነበረም፤ በሩም ተዘግቶ ዋለ። እንግዲህ የጐደለው ተፈጥሮ አይደለም፤ የዘወትር ልማድ ነው።

ልማድ ደግሞ ከየት ይመጣል? ከሜዳችን ይመጣል። በየመንደሩ ልጆች የጨርቅ ኳስ ሰፍተው፣ ሁለት ድንጋይ አቁመው ሲጫወቱ ተመልከቱ። ጎበዝ የተባለው ፊት ይቆማል፤ ያልቻለው ወደ ኋላ ይባላል፤ ከሁሉ ትንሹና ደካማው በር ላይ ይቆማል። በገና ጨዋታም ሁሉ ሩሯን ሊመታ ይሮጣል እንጂ ወደ ኋላ የሚቀር ብዙ አይገኝም። ተመልካቹም ሦስት ሰው አታልሎ በአራተኛው የተነጠቀውን ያጨበጭብለታል፤ የተነጠቀችውን ኳስ 40 ሜትር ሮጦ ያስጣለውን ግን ስሙን አይጠይቅም። ጠባቂነት የደካማ ድርሻ ተደርጎ በተቈጠረበት አገር ጎበዝ ልጅ እንዴት ጠባቂ ይሆናል? ከዚህ የተነሣ የቡድናችን በር የሚከፈተው ገና ቡድኑ ሳይመረጥ ነው።

ስለዚህ ተግሣጹን ለሁላችን እናካፍለው። አሠልጣኞች ሲመሩና ሲመሩባቸው፣ ሰው ሲጐድልባቸውና ሲበልጡ የሚለዋወጥ ስልት ያዘጋጁ፤ ሁሉ ሲወጣ ማን እንደሚቀር አስቀድመው ይወስኑ። የስፖርት መምህራን በልምምድ ጊዜ ልጆቹን በየተራ በር ላይና ኋላ ያቁሙ፤ 17 ሜትሩንም በድንጋይ ምልክት አድርገው ሜዳው ላይ ያሳዩአቸው፤ ልጅ በእግሩ የለካውን አይረሳም። ወላጆችም ልጃቸው ከጨዋታ ሲመለስ «ስንት አገባህ?» ብለው ብቻ አይጠይቁት፤ «ስንት አስጣልህ? ማንን አገዝህ?» ብለውም ይጠይቁት። ይህ ጥያቄ ለኳስ ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ ከብት የጠበቀውን፣ ታናሹን ያየውን፣ የእናቱን ደጅ የዘጋውን ልጅ ሁሉ ያከብራል።

ለወጣቱ ደጋፊም አንድ ቃል አለን። ቊጣህ እውነት አለበት፤ ነገር ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ግብ ከገባ በኋላ የመጨረሻውን ተከላካይ በስሙና በእናቱ ከመስደብ ተቈጠብ። እርሱ 17 ሜትር ብቻውን የተተወለት የሰው ልጅ ነው። ይልቁንም በሚቀጥለው ጨዋታ ዐይንህን ለጥቂት ጊዜ ከኳሷ ላይ አንሣና ኳስ የሌላቸውን ተመልከት፤ ማን እንደ ተመለሰ፣ ማን እንደ ቆመ ታያለህ። ለተመለሰውም አጨብጭብለት። ተጫዋች የሚጨበጨብለትን መሥራት ይወዳልና፣ ጠባቂ ባከበርን መጠን በራችን ጠባቂ እያገኘ ይሄዳል።