ስለ አንድ ከተማ የተነገሩ ሁለት ታሪኮች

ሰው በዓይኑ ያላየውን ነገር የሚያውቀው ከሌላ ሰምቶ ነው። የሰማውም ነገር ከሁለት ወገን መጥቶ አንዱ ሌላውን የሚያፈርስ በሆነ ጊዜ፥ ልብ ወደ ወደደው ማዘንበል ቀላል ነው፤ እንደ ዳኛ ሆኖ መመርመር ግን ድካም አለበት። ይህን ድካም መሸሽ ምን ያህል እንደሚጐዳ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ዓመት በሆንግ ኮንግ የሆነው ነገር ያስረዳል።

ሆንግ ኮንግ ከመቶ ዓመት በላይ በእንግሊዝ ሥር ቆይታ በ1997 ዓመት ወደ ቻይና የተመለሰች ከተማ ናት። ሁለቱ መንግሥታት በ1984 ዓመት በተዋዋሉት ቃል፥ እስከ 50 ዓመት ድረስ የራስዋ ሕግና የራስዋ ፍርድ ቤት እንዲጠበቅላት ተወስኖ ነበር።

የነገሩ መነሻ አንድ የነፍስ ግድያ ነው። በ2018 ዓመት አንድ የሆንግ ኮንግ ወጣት በታይዋን ሳለ ወዳጁን ገድሎ ተመለሰ ተባለ። በሁለቱ መካከል ተፈላጊን አሳልፎ የመስጠት ውል ስላልነበረ፥ በካሪ ላም የሚመራው የከተማይቱ አስተዳደር በ2019 ዓመት ሕጉን የሚያሻሽል ረቂቅ አቀረበ። ረቂቁ ግን ተፈላጊን ለታይዋን ብቻ ሳይሆን ለዋናይቱ ቻይና ፍርድ ቤቶችም ለመስጠት በር የሚከፍት ነበር።

ከዚህ በኋላ ሁለት ታሪክ ተወለደ። አስተዳደሩ፥ ከተማይቱ የወንጀለኛ መሸሸጊያ እንዳትሆን ቀዳዳውን እደፍናለሁ አለ፤ የቤጂንግ ሹማምንትም በሰልፉ ውስጥ የባዕድ እጅ አለበት አሉ። ሰልፈኞቹ ደግሞ፥ ሁለቱን የዳኝነት ሥርዓቶች የሚለየው ግንብ ሊፈርስ ነው ብለው ተነሡ።

የሕዝቡ ቍጥር እንኳ አንድ ሊሆን አልቻለም። ጁን 16 ቀን ለተደረገው ሰልፍ አዘጋጆቹ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ወጣ ሲሉ፥ ፖሊስ 338 ሺህ ነው አለ። አዘጋጆቹ የተናገሩት በቀኑ ሁሉ ስለ ወጣው ሕዝብ ነው፤ ፖሊስ ግን ሰልፉ እጅግ በበዛበት ሰዓት የነበረውን ነው። ሰሚው ይህን ልዩነት ሳይጠይቅ የወደደውን ቍጥር ይዞ ሄደ።

የስም አጠራሩም እንደዚሁ ነው። ጁን 12 ቀን ፖሊስ አስለቃሽ ጢስና የላስቲክ ጥይት በተኰሰ ጊዜ ባለሥልጣኖች ነገሩን ሁከት ብለው ጠሩት። በዚያ አገር ሕግ ሁከት እስከ 10 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ስለ ሆነ፥ ቃሉ ራሱ ፍርድ መሰለ። ጥቂት ቀን ቆይቶ የፖሊሱ አዛዥ ቃሉ ለጥቂቶቹ ብቻ እንደ ሆነ ተናገረ፤ ነገር ግን ከአፍ የወጣ ቃል አይመለስም።

ከሁሉም የሚያስተምረው ኦገስት 31 ቀን ሌሊት ፕሪንስ ኤድዋርድ በሚባለው የምድር ባቡር ጣቢያ የሆነው ነው። ፖሊሶች ገብተው ሰዎችን ደበደቡ፤ ጣቢያው ተዘጋ፤ ጋዜጠኞችም እንዲወጡ ተደረገ። በተዘጋው በር ውስጥ ሰው ሞቷል የሚል ወሬ ወጣ። ባለሥልጣኖች ካዱ፤ ሰው ለመሞቱም ማስረጃ አልተገኘም፤ ሆኖም ሕዝቡ በጣቢያው ደጅ አበባ ማኖሩን አልተወም። በር ዘግቶ የሠራ ሰው፥ ቃሉ እውነት ቢሆን እንኳ የሚያምነው አያገኝም።

ሰልፈኞቹ ከጠየቁት አምስት ነገር አንዱ ነጻ የመርማሪ ጉባኤ እንዲቆም ነበር። ይህም እንግዳ ልማድ አልነበረም፤ በ1966 ዓመት በመርከብ ማሻገሪያ ዋጋ ምክንያት ሁከት በተነሣ ጊዜ የእንግሊዝ አስተዳደር እንኳ መርማሪ ጉባኤ አቁሞ ነበር። በ2019 ዓመት ግን አስተዳደሩ ይህን እንቢ ብሎ ነገሩን በፖሊስ ላይ የሚቀርበውን አቤቱታ ለሚመለከተው ጉባኤ ተወው። ሊረዱት የተጠሩት የውጭ አገር ሊቃውንትም የጉባኤው ሥልጣን ለዚህ ሥራ አይበቃም ብለው በዲሴምበር ወር ተለዩ።

ረቂቁ ኦክቶበር 23 ቀን ፈጽሞ ተሰረዘ፤ ጠቡ ግን አልበረደም። ከ10 ሺህ የሚበልጥ ሰው ተያዘ፤ ጁን 30 ቀን 2020 ዓመትም ከቤጂንግ የወጣው የጸጥታ ሕግ ሰልፉን ዝም አሰኘ። ሁለቱ ታሪኮች ግን ዛሬም እንደ ተለያዩ ናቸው፤ ዝምታ እርቅ አይደለምና።

ሕዝብን የሚያስተዳድር ሰው ከዚህ የሚማረው፥ ወሬን በክልከላ ብቻ ማሸነፍ እንደማይቻል ነው። ሁለቱም ወገን የሚያምነው ዳኛ በጊዜው ቢቀመጥ፥ ምስክርም በግልጥ ቢሰማ፥ ያጠፋ ሁሉ፥ ሰልፈኛም ቢሆን ፖሊስም ቢሆን፥ በስሙ ይታወቅ ነበር። ያልተመረመረ ነገር ግን በየቤቱ ይፈረዳል፤ በየቤቱ የተፈረደውንም ይግባኝ የሚሰማው ዳኛ የለም።