ምስክር የሌለው የምስክር ወረቀት

ይድረስ በአሜሪካ የስፖርተኞች ፊርማ ያረፈበት ማልያና ኳስ ለምትሸጡ፣ ለምትመረምሩ፣ የማረጋገጫ ወረቀትም ለምትጽፉ ሁሉ፤

እኔ ሜሪላንድ የምኖር፣ ከደሞዜ እየቆጠብኩ ማልያ የምሰበስብ ሰው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንዳችሁ ሱቅ የፔሌ ፊርማ ያለበት ቢጫ ማልያ በፍሬም ገዛሁ። ከማልያው ግርጌ ወርቃማ ማኅተም የተመታበት ወረቀት አለ፤ «ፊርማው እውነተኛ ለመሆኑ የዕድሜ ልክ ዋስትና እንሰጣለን» ይላል። ወረቀቱን የፈረመው ራሱ ሻጩ ነው። ቆይቼ ለሌላ መርማሪ ባሳየው «ልናረጋግጠው አልቻልንም» አለኝ። ሱቁ ጋ ስደውል ስልኩ ከሥራ ወጥቷል። ዋስትናው የዕድሜ ልክ ነበር፤ የማን ዕድሜ ብዬ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው።

በእኛ ቋንቋ እንዲህ ያለው ነገር «የምስክር ወረቀት» ይባላል። ምስክር ማለት ደግሞ በቦታው የነበረ፣ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። አባቶቻችን በሬ ሲሸጡ እንኳ እማኝ ይቆጥራሉ። ነገ ክርክር ቢነሳ እማኙ በስሙ ተጠርቶ «ነበርኩ፣ አይቻለሁ» ይላል። ሻጭ ለገዛ በሬው እማኝ ልሁን ቢል ይሳቅበታል። በእናንተ ወረቀት ላይ ግን ሻጩም እማኙም፣ ገዢው ቅሬታ ሲያቀርብ ዳኛውም አንድ ሰው ነው።

ይህ ወቀሳ ዛሬ የተጀመረ አይደለም (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1990ዎቹ የሳንዲያጎ ፓድሬስ ተጫዋች ቶኒ ግዊን በገዛ ክለቡ መደብር በሚሸጡ ዕቃዎች ላይ ያለው ፊርማ የእሱ መሆኑን ተጠራጠረ። ኤፍቢአይ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» ብሎ ባካሄደው ምርመራ በ1999 አንድ የአስመሳዮች መረብ ተያዘ፤ እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት የሐሰት ዕቃ ሠርቶ ሸጧል ተባለ። ከተያዘው መካከል የማዘር ቴሬዛ ፊርማ ያለባቸው የቤዝቦል ኳሶች ነበሩበት። መነኩሲቷ የካልካታን ድሆች ትተው ኳስ ሊፈርሙ የተቀመጡት መቼ ይሆን? የማረጋገጫ ወረቀት ግን አልጠፋም፤ ፊርማውን ማስመሰል የቻለ ሰው ወረቀት ማተም አይከብደውም።

«እኛ ሻጭ አይደለንም፣ ገለልተኛ መርማሪዎች ነን» የምትሉም አላችሁ። እናንተን የማከብራችሁ ከሻጮቹ ይበልጥ ነው፤ ቅሬታዬ ግን አለ። ሆነስ ዋግነር የተባለውን የቤዝቦል ተጫዋች ምስል የያዘችውን ዝነኛ የትምባሆ ካርድ አስታውሱ። በ1991 ፒኤስኤ የተባለው ካርድ መርማሪ ድርጅት የመጀመሪያውን የምዝገባ ቁጥሩንና የ8 ነጥብ ደረጃ ሰጣት፤ በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። በ2013 ቀደም ሲል የነገደባት ቢል ማስትሮ ጠርዟን እንደቆረጠው ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ። የተቆረጠ ካርድ ደግሞ በድርጅቱ በራሱ ደንብ ነጥብ አይሰጠውም። ቁጥር አንድ ምስክርነት እንዲህ ሆነ። ባለሙያ ሊሳሳት ይችላል፣ ሰው ነው። የሚያናድደኝ፣ ደብዳቤያችሁ በደቃቅ ፊደል «በእኛ አስተያየት» እያለ በትልቁ ግን ማኅተምና ሆሎግራም መለጠፉ ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቻችሁ ስሙ የከበደ ስፖርተኛ ሲመጣ የምርመራውን ክፍያ ታከብዳላችሁ። የማይክል ጆርዳን ፊርማ ከሌላው ፊርማ ይበልጥ ዓይን ያደክማል እንዴ?

እንዴት መሥራት እንደሚቻል ጠፍቷችሁ አይደለም። የአሜሪካ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ከ2001 ጀምሮ በየጨዋታው ሜዳ ላይ የሚቀመጥ እማኝ አለው፤ ብዙዎቹ በሥራ ላይ ያሉ ወይም ጡረታ የወጡ ፖሊሶች ናቸው። ኳሱ ከሜዳ ወጥቶ እጁ ሲገባ ቁጥር ያለው ሆሎግራም ይለጥፍበታል፤ ቁጥሩን ማንም ሰው መፈተሽ ይችላል። ኳሱ ወደ ተመልካች ገብቶ ከዓይኑ ከተሰወረ ግን፣ ቀድሞ የተለየ ምልክት ካልተደረገበት በቀር፣ አይለጥፍም። ለእኔ የዚያ ሆሎግራም ዋጋ ያለው እዚህ «አይለጥፍም» ላይ ነው። የቤዝቦል ተጫዋቹ ማርክ ማግዋየር በ1998 የሆም ራን ክብረ ወሰን ሲያሳድድ የሚወረወሩለት ኳሶች በማይታይ ቀለም ምልክት ይደረግባቸው ነበር፤ 70ኛው የሆም ራን ኳስ በ3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሸጥ ማንም ስለ እውነተኛነቱ አልተጨቃጨቀም።

ጭቅጭቅ ሲነሳም መንገድ አለ። በ2022 ሶዝቢስ የተባለው የጨረታ ድርጅት የማራዶናን የ1986 ዓለም ዋንጫ «የእግዜር እጅ» ማልያ ለጨረታ ሲያወጣ፣ የማራዶና ልጅ «ይህ አባቴ ጎል ባላገባበት በመጀመሪያው አጋማሽ የለበሰው ነው» አለች። ማልያው ለዓመታት የእንግሊዙ ተጫዋች የስቲቭ ሆጅ ንብረት ነበር፤ ከጨዋታው በኋላ ከማራዶና ጋር ተለዋውጠው ነው ያገኘው። የጨረታው ድርጅት የአርማውንና የቁጥሩን ዝርዝር ከዕለቱ ፎቶዎች ጋር አስመሳክሮ መለሰ፤ ማልያው በ7.1 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ ይታወቃል፣ ፎቶውም አለ፤ የሚጠራጠር ራሱ ያያል። (የእኛው አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡ በጀኝ፤ የዚያን ዕለት ጫማ ብሎ የሚሸጥልኝ ቢያንስ አይኖርም።)

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ወረቀታችሁ ላይ ሲፈረም ያየውን ሰው ስም፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ያየ ከሌለ «አላየንም፤ ፊርማውን ከሌሎች ጋር አስተያይተን እውነተኛ ይመስለናል» በሉና በትልቁ ፊደል አትሙት። ክፍያችሁንም በሥራችሁ ልክ ቁረጡ፤ የዕቃውን ዋጋ አትከተሉ።

የፔሌው ማልያ አሁንም ሳሎኔ ተሰቅሏል። ባለ ወርቅ ማኅተሙን ወረቀት ግን ከፍሬሙ አውጥቼ በቦታው ሌላ ወረቀት አስገብቻለሁ። ከየት፣ መቼና በስንት እንደገዛሁት በእጄ ጽፌበታለሁ፤ ፔሌ ሲፈርም እንዳላየሁም። ከሥር ስሜንና ፊርማዬን አኑሬበታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ማልያ ሰብሳቢ