ፍልፈሉ ይታደን፤ መርዙ ይቅር

በክረምት ፍልፈል የድንች ማሳውን ከሥር ሲበላበት ገበሬው እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ የሚመክር ሰው፣ ጓዳው ባዶ የሆነ ቤት አይቶ አያውቅም። ፍልፈል ይታደን። ክርክሩ በምን ይታደን የሚለው ነው።

የምሥራቅ አፍሪካ ገበሬ የፍልፈልን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቃል፤ የተከፈተበትን መተላለፊያ ሊደፍን ስለሚመለስ ወጥመዱን እዚያው ይጠምድለታል። የሚያዘውም ማሳውን የሚያጠፋው ፍልፈል ነው። “ይህ ኋላ ቀር ነው፤ መርዝ ይበተን” የሚሉት ግን መርዝ ወዳጅና ጠላት እንደማይለይ ዘንግተዋል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የአይጥ መርዝ በሞተው እንስሳ ጉበት ውስጥ ይቆያል፤ ያንን የበላ ጭልፊት ወይም ቀበሮም ሊሞት ይችላል።

በባሌ ተራሮች ደግሞ አደጋው የባሰ ነው። በዚያ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል ለባሌ ቀይ ቀበሮ ዋነኛ ምግቡ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች በግምት 500 ያህል ናቸው፤ ሁሉም በኢትዮጵያ። እዚያ እርሻው በመሬት ጥበት ወደ ውርጩ ወጣ እንጂ ግዙፉ ፍልፈል ወደ ማሳ አልወረደም። የመሬቱን ጥያቄ ሸሽቶ ፍልፈሉን መመረዝ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው።

ገበሬው ማሳውን በወጥመድ ይጠብቅ፤ መርዙ ከመደብሩ መደርደሪያ አይውረድ።