ለቀለብ የመጣች እንግዳ

ነገሩ የሆነው በአሜሪካ አገር፣ ሞንታና ውስጥ፣ ፍላትሄድ በሚባል ሐይቅ ነው።

የዓሣ ባለሙያዎች «ኮካኒ የሚባለው ዓሣ ይፋፋ» ብለው፣ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሽሪምፕ የምትባል ትንሽ የውሃ ፍጥረት ከላይ ባሉት ሐይቆች ጨመሩ። ውሃው ይዟት ወረደ፤ በ1981 ፍላትሄድ ውስጥ ተገኘች።

ጠባይዋን ግን ማን ልብ አለው? ኮካኒ የሚበላው ቀን ነው፤ እሷ ደግሞ ቀን ጥልቁ ውስጥ ትደበቃለች። ሌሊት ትወጣና የሱኑ ቀለብ፣ ደቃቃ የውሃ ነፍሳቱን፣ ትበላበታለች። ጥልቁ ውስጥ የሚኖር ሌላ ትልቅ ዓሣም እሷን በልቶ በዛ፤ ኮካኒንም ፈጀው።

በ1981 አንድ ጅረት ላይ ከ100,000 በላይ ኮካኒ እንቁላል ሊጥል ወጥቶ ነበር። እሱን ሊበሉ የመጡ 639 ንስሮች በአንድ ቀን ተቆጠሩ። በ1989 ኮካኒው 50፣ ንስሩ 25 ቀረ።

ሽሪምፗ ዛሬም እዚያው ናት።