ስልኩ የሚያርመው ፊት

«ለዕለት ተዕለት ፎቶ ካሜራ ይሻላል ወይስ ስልክ?» የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ በጥራት ይጀመርና በዋጋ ይቋጫል። እኔ ግን ከመካነ ኢየሱስ ሆኜ ስመለከተው ሌላ ጥያቄ ይታየኛል፤ ለመሆኑ ፊታችን ምን እንደሚመስል የሚወስነው ማን ነው?

ካሜራ ለረጅም ዘመን በሌላ ሰው እጅ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መቅደላን በፎቶግራፍ ያነሡት ከናፒየር ጋር የዘመቱ የእንግሊዝ መሐንዲስ ጦር ባልደረቦች ናቸው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደግሞ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። የእስቴና የስማዳ ገበሬ ግን መልኩን በወረቀት ለማየት ከተማ ወጥቶ፣ ፎቶ ቤት ገብቶ፣ «ቀና በል፤ እንዳትንቀሳቀስ» መባል ነበረበት። ዛሬ ልጁ በኪሱ በያዘው ስልክ አውድማ ላይ፣ ገበያ መሐል፣ በጥምቀት ጭፈራ ያነሣዋል። ለዕለት ኑሮ ከዚህ የሚበልጥ ካሜራ የለም ባይ ነኝ፤ ምንጊዜም ከእጅ አይርቅምና።

ነገር ግን ስልክ ያየውን ብቻ አይናገርም። ብርሃን የሚቀበልበት ሴንሰር ብዙውን ጊዜ ከአውራ ጣት ጥፍር ያንሳል፤ የትልልቆቹ ካሜራዎች 36 በ24 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ የምድጃ እሳት ብቻ በሚያበራው ጎጆ ውስጥ ስልኩ ብዙ ምስሎችን ባንድ አፍታ አንሥቶ ያዋሕዳል፤ ሻካራውንም ያለሰልሳል። «ማሳመሪያው» ከበራማ የእናቶቻችን የግንባር መስመር ይጠፋል፤ የአንገታቸው ንቅሳት ይደበዝዛል፤ የቆዳቸው ቀለም ይፈካል።

ካሜራም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። የኮዳክን ፊልም የሚያጥቡ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ቀለም የሚመዝኑት «ሸርሊ ካርድ» በተባለ የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ የጠቆረ ፊት በዚያ ሚዛን ሲወጣ ዝርዝሩ ይዋጥ ነበር። ሆኖም ካሜራ የያዘ ሰው ብርሃኑን መርጦ ጉድለቱን ሊያቃና ይችላል፤ ስልኩ ግን አብዛኛውን የሚያርመው ሳይጠየቅ ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ለዕለቱ ስልክ ይበቃል፤ ማሳመሪያው ይጥፋ፤ ተነሺውም ከጓዳው ጨለማ ወደ ደጃፉ ብርሃን ይውጣ። አረጋውያንን ግን ካሜራ ያለው ሰው ከተገኘ አንድ ጊዜ በእርጋታ ያንሣቸው፤ ፎቶውም በወረቀት ይታተም። ነገ የልጅ ልጅ «አያቴ ምን ትመስል ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚያገኘው ፊት ዘመን የጻፈበትን ሁሉ እንደያዘ ይቆየው።