የዋካዎቹ ታሪክ ከሽማግሌዎች አፍ ይመዝገብ

ይድረስ ለኮንሶ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣ ካራት
በግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በካራት የሚገኘውን ሙዚየም ከጎበኘሁ በኋላ ነው። በትንሽ ከተማ ያለ ትንሽ ሙዚየም ነው፤ የተሸከመው አደራ ግን ከባድ ነው። ከመቃብር ላይ ተነቅለው ሊሸጡ ሲሉ የተያዙ ዋካ የተባሉ የእንጨት ምስሎች እዚያ ተጠልለዋል። እነዚህን ምስሎች ከጥፋት ያዳኑ የአካባቢው ሰዎች ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። ጥያቄዬም ከዚሁ ምስጋና የሚቀጥል ነው፦ እንጨቱ ተርፏል፤ አሁን ደግሞ ምስሉ የቆመለት ሰው ታሪክ ይትረፍ።

ዋካን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። በኮንሶ ባህል ጠላት የጣለ፣ አንበሳ ወይም ነብር የገደለ፣ በወገኑ ዘንድ የተከበረ ሰው ሲሞት ምስሉ ከጠንካራ እንጨት ተቀርጾ ይቆምለታል። ብቻውን ግን አይቆምም። ጀግናው ከለቻ የተባለውን ጌጥ ግንባሩ ላይ አድርጎ መሀሉን ይይዛል፤ ሚስቶቹ በግራና በቀኝ ይሰለፋሉ፤ የጣላቸው ጠላቶችና አውሬዎችም አብረውት ይቀረጻሉ። ስለዚህ አንድ የዋካ ስብስብ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ማንበብ የሚችል ሰው ሟቹ ስንት እንዳገባ፣ ስንት ጠላት እንደጣለ፣ የትኛውን አውሬ እንደገደለ ከምስሎቹ ይረዳል።

ሌባ የሚያፈርሰው ይህንን ታሪክ ነው። ጀግናውን ነቅሎ ሚስቶቹን ይተዋል፤ ወይም ያማረውን መርጦ የቀረውን ለዝናብና ለምስጥ ይጥላል። ሌባ ሲነቅል የሟቹን ስም አይጽፍም፤ ከየትኛው መንደር፣ ከየትኛው ቤተሰብ መቃብር እንዳነሣውም አይናገርም። ምስሉ ቢያዝና ሙዚየም ቢገባ እንኳ ያ ሁሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱን የሚያውቅ ምስክር አንድ ብቻ ነው፦ በልጅነቱ ያንን ዋካ ከቦታው ቆሞ ያየ ሽማግሌ። ይህ ምስክር ደግሞ ዕድሜው እየገፋ ነው።

ጉዳዩ ከኮንሶም ያልፋል። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ምክንያት የሆኑት እስከ 5 ሜትር የሚደርሱት የድንጋይ እርከኖችና በካብ የታጠሩት መንደሮች ብቻ አልነበሩም። 21 ትውልድ፣ ማለትም ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ ሕያው ባህል ተብሎ ነው የተመሰከረለት። ዋካዎቹም ሊጠፋ የተቃረበ የቀብር ሥርዓት ምስክር መሆናቸው በዚያው ተጠቅሷል። እምነትና ኑሮ ሲለወጥ አዲስ ዋካ የሚያቆም ቤተሰብ እየቀነሰ መጥቷል፤ ስለዚህ ያሉት ምስሎች ምትክ የላቸውም።

በዚህ ምክንያት አራት ነገሮችን በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንደኛው ምዝገባ ነው። የእያንዳንዱ ዋካ ፎቶግራፍ በየመንደሩ መሰብሰቢያ፣ በሞራ፣ ለሽማግሌዎች ይቅረብ፤ አቅመ ደካማ አባት ካራት ድረስ እንዲመጣ አይጠበቅ። የሟቹ ስም፣ ከዘጠኙ ጎሳዎች የየትኛው እንደሆነ፣ መንደሩ፣ ያደረገው ጀብዱ፣ ከታወሰም የቀራጩ ስም ይጠየቅ። ቃላቸው በራሳቸው ቋንቋ በድምፅ ይቀረጽ፤ ከዚያም በኮንሶኛና በአማርኛ ይጻፍ። ሁለት ሽማግሌዎች ቢለያዩ የሁለቱም ቃል ይቀመጥ። ይህ አዲስ ሕንፃ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የእጅ ስልክ፣ ቋንቋውን የሚያውቁ መምህራንና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ሥራውን የሚመራ አንድ ባለሙያ ይበቁታል።

ሁለተኛው የቆዩ ፎቶግራፎችን ማሰባሰብ ነው። በጀርመን ፍራንክፈርት የሚገኘው የፍሮቤኒየስ ተቋም አጥኚዎች ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ተዘዋውረው ፎቶግራፍ አንሥተዋል። እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ሃልፓይክም ከኮንሶዎች ጋር ኖሮ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1972 በመጽሐፍ አሳትሟል። የእነዚህ ሥራዎች ቅጂ በይፋ ደብዳቤ ይጠየቅ። ያኔ ከመቃብሩ ላይ ቆሞ ፎቶ የተነሣ ዋካ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ካለው ጋር ከተመሳሰለ የጠፋው መንደር ተገኘ ማለት ነው።

ሦስተኛው የቤተሰቦቹ መብት ነው። ዋካ ለሙዚየሙ ቅርስ ነው፤ ለልጅ ልጆቹ ግን አያት ነው። ቤተሰቡ ሲታወቅ ይጠራ፤ ምስሉ የት ይቀመጥ፣ እንዴትስ ይታይ በሚለው ላይ ሐሳቡ ይሰማ። ባለቤቱ የሚያውቀውና የሚጎበኘው ቅርስ ጠባቂ አያጣም።

አራተኛው የልጆቹ ጉዳይ ነው። የዞኑ ተማሪዎች ሁሉ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ሙዚየሙን ይጎብኙ። የቱሪስቱ ገቢ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ከተማዋን ለሚረከቡት ልጆች ግን ሙዚየሙ የአባቶቻቸው መዝገብ ነው።

ምዝገባው ለጥበቃም ይጠቅማል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ነገር ግን ፎቶው፣ ልኩና የመንደሩ ስም ያልተጻፈ ዋካ ባሕር ማዶ በአንድ ነጋዴ ሱቅ ቢገኝ የእኛ ነው ብሎ መከራከር ያዳግታል። ሕጉ የሚሠራው ማስረጃ ሲኖረው ነው፤ ማስረጃውን የሚያዘጋጀው ደግሞ ለቅርሱ ቅርብ የሆነ ሰው ነው።

የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንም ሥልጠናና የመዝገብ አያያዝ ድጋፍ እንዲሰጥ በዚሁ አጋጣሚ እጠይቃለሁ። የቋንቋና የታሪክ ትምህርት ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸውን ለዚህ ሥራ ቢያሰማሩ ለጥናታቸው ከዚህ የተሻለ ርዕስ አያገኙም።

ክቡራን፣ ሕንፃ ዘንድሮ ባይሠራ ለከርሞ ይሠራል፤ በጀትም ዛሬ ባይገኝ ነገ ይገኛል። የሽማግሌ ቃል ግን ቀጠሮ አይሰጥም። እባካችሁ፣ የሚያስታውሱት አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ ምዝገባው በዚህ ዓመት ይጀመር።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሙዚየሙ ጎብኚ