ለስደተኛው በሩ ተከፍቷል፤ የሥራ ፈቃዱስ?

ኢትዮጵያ ስደተኛ በመቀበል የምትታማ አገር አይደለችም። ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች እዚህ ተጠልለዋል፤ ጋምቤላ ውስጥ የስደተኛው ቁጥር ከክልሉ ነዋሪ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከፍተኛ ነው። ሰውየው ከገባ በኋላ ሠርቶ ይብላ ወይስ ራሽን ይጠብቅ የሚለው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ግን እጃችን ይሰበሰባል። መስከረም 2009 ዓ.ም. ኒውዮርክ በተካሄደው የመሪዎች ጉባኤ መንግሥት ዘጠኝ ቃል ገባ። የሥራ ፈቃድ መስጠት፣ ከመጠለያ ጣቢያ ውጭ መኖርን ማስፋትና 10 ሺሕ ሄክታር የመስኖ መሬት ማቅረብ ከእነዚሁ ውስጥ ነበሩ። ቃሉን ሕግ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 1110 ጥር 2011 ዓ.ም. ጸደቀ፤ በአፍሪካ ለስደተኛ ሰፊ መብት ከሚሰጡት ሕጎች አንዱ ነው። የሥራ መብቱን የሚያስፈጽመው መመርያ የወጣው ግን በ2016 ዓ.ም. ነው። አምስት ዓመት ሙሉ አዋጁን ጠቅሶ ፈቃድ የሚጠይቅ ስደተኛ መስኮቱ ላይ ቢደርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛው የሚሞላለት ቅጽ አልነበረውም። አገር ለዓለም የገባችው ቃል የሚለካው በጉባኤ ጭብጨባ ሳይሆን እዚያ መስኮት ላይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

መዘግየቱ የሚያስከፍለውን ዋጋ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በግልጽ አይተነዋል። የእርዳታ እህል ለሌላ ዓላማ እየዋለ ነው ተብሎ የምግብ እርዳታ ሰኔ ላይ ሲቋረጥ ስደተኞቹም አብረው ተቋረጠባቸው፤ እስከ መስከረም ማብቂያ ገደማም አልተመለሰላቸውም። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። በሕግ ሠርቶ የሚያገኘው ገቢ የሌለው ሰው ራሽን ሲቆም ሌላ የሚይዘው ነገር የለውም። በተቃራኒው ዶሎ አዶ አካባቢ መልካዲዳን እንመልከት። የገናሌ ወንዝ በቦይ ተጠልፎ፣ የሶማሊያ ስደተኞችና የአካባቢው ገበሬዎች በአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ታቅፈው ሽንኩርትና በቆሎ ያመርታሉ። ገንዘቡን የሰጠው የኢኬያ ፋውንዴሽን ነው፤ መሬቱ የአካባቢው ሕዝብ ነው። ቦዩ ስደተኛው ወደ አገሩ ቢመለስም እዚያው ይቀራል። ዘላቂ ልማት ሲባል በሪፖርት ላይ የሚደጋገመው ነገር እዚህ ውኃ ሆኖ ማሳ ላይ ይፈሳል። ለክፉ ቀን መጠባበቂያ የሚሆነውም እንዲህ ያለው ገቢ እንጂ የእህል መጋዘን ብቻ አይደለም።

የገዛ ልጆቻችን ሥራ ፈትተው ሳለ ለስደተኛ የሥራ ፈቃድ እንዴት ይሰጣል የሚል ተቃውሞ አለ፤ ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። ሆኖም ፈቃድ የሌለው ስደተኛ ሥራ አይተውም። በድብቅ ይሠራል፤ በዝቅተኛ ዋጋ ይቀጠራል፤ ደመወዙ ቢቀርበት የሚከስበት ቦታ የለውም። የቀን ሠራተኛውን ዋጋ የሚያወርደው ይኸው ድብቅ ገበያ ነው። በብዙ የዓረብ አገራት ያሉ እህቶቻችን ከአሠሪያቸው ፈቃድ ውጭ ሥራ መቀየር ባለመቻላቸው የሚደርስባቸውን በደል ስናወግዝ የምናቀርበው መከራከሪያም ይኸው ነው፤ የምናምንበት ከሆነ ጋምቤላና ጅግጅጋ ላይም ሊሠራ ይገባል። ሌላው ወገን፣ ከቀዬአቸው የተፈናቀሉ ኢትዮጵያውያን ሳይመለሱ ለምን ስለ ሌላው እናስባለን ይላል። የተፈናቃዩ መከራ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለስደተኛው የሚሰጥ የሥራ ፈቃድ ከተፈናቃዩ ድርሻ የሚቀንሰው አንድ ኩንታል እህል የለም። ደግሞም ተራው መቼ የእኛ እንደሚሆን አይታወቅም። ሱዳን ውስጥ ያለው ኡም ራኩባ በ1970ዎቹ ከረሃብ የሸሹ ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለ ካምፕ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹት ሲደርሱ እንደገና ተከፈተ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ እኛ ተሰደዱ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ ሀብታሞቹ አገሮች በራቸውን እየዘጉ እኛን ብቻ አደራ ተቀባይ አድርገውናል የሚለው። እውነት ነው፤ ለስደተኞች ከሚጠየቀው ገንዘብ የሚሞላው በየዓመቱ ከፊሉ ነው። ሆኖም ጳጉሜን 1961 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ የስደተኞች ስምምነት፣ ሸክሙ የከበደው አገር ሌሎቹ አባል አገሮች እንዲያግዙት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህን መብት በሙሉ ድምፅ ልንጠይቅበት የምንችለው የራሳችንን ድርሻ በቁጥር ስናሳይ ነው። ስለዚህ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጋር ሆኖ በየሩብ ዓመቱ ስንት ፈቃድ እንደተጠየቀ፣ ስንት እንደተሰጠ፣ ስንት ቀን እንደፈጀና በየትኛው ክልል እንደተከለከለ ለሕዝብ ያውጣ። ባንኩና የንግድ ፈቃድ ቢሮውም የስደተኛ መታወቂያን ያለ ተጨማሪ የድጋፍ ደብዳቤ ይቀበሉ።